የዘጠና ቀን ገበሬ

ባለፈው ዓርብ ጠዋት፣ ሪያድ፣ ነሲም ሰፈር ውስጥ በተከራየነው ቤት ጠባብ ጓሮ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ፔቻይ ሳሳሳ፣ አንዷ ችግኝ በጣቶቼ መካከል ተጨፈለቀችና ሽታዋ አፍንጫዬን ሰነፈጠው። ፔቻይ ማለት፣ ለማያውቀው፣ የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ጎመን ነው፤ አገዳው ነጭና ወፍራም፣ ቅጠሉ እንደ ጭልፋ ክብ፣ በተዘራ በወሩ ድስት የሚገባ ችኩል ጎመን። እኔ የምዘራው ከዓሣ ነጋዴዎች ለምኜ ባመጣኋቸው የፎም ሣጥኖች ውስጥ ነው። ባለቤቴ ዘሃራ በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ከጎመኑ ጋር ማውራት ጀመርክ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እያወራሁ ነበር። ያ ሽታ ሲመጣብኝ ሁልጊዜ እንዲሁ ነኝ፤ ፀጉሬ ጥቁር፣ ወገቤ ቀጥ ያለ፣ ነገር ግን የበር ደወል በጮኸ ቁጥር ሊመልሱኝ መጡ ብዬ ከተቀመጥኩበት እነሣ ወደነበረበት ዘመን ይዞኝ ይሄዳል።

ያኔ እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ደሴ፣ አራዳ፣ ከአንድ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ሱሪ፣ የሴቶች ጉርድ እሰፋ ነበር። ከጉልበት በታች የሚሰፋው ሱሪ ጊዜው አልፎ፣ ከላይ ሰፍቶ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበብ የሚለው የመጣበት ሰሞን ነው፤ ጎረምሳው ሁሉ የታላቅ ወንድሙን ሱሪ ይዞ «ሰይዶ፣ አጥብብልኝ» እያለ በረንዳውን ያጣብበው ነበር። እንዲህ ያለ ደግ ጊዜ ግን አይቆይም። ሳልባጁ ገበያውን ሲሞላው ሰው አዲስ ልብስ ማሰፋቱን ተወ፣ እኔም ቁልፍ ስተክልና ዚፕ ስቀይር መዋል ጀመርኩ። አንድ ደላላ በዚህ መሀል መጣ። ሪያድ ያለ ከፊል፣ ማለትም አሠሪም ዋስም የመኖሪያ ወረቀትህም ባለቤት የሆነ ሰው፣ ግቢውን የሚያለማለት ገበሬ ይፈልጋል አለኝ። «እጅህን አሳየኝ እስቲ» አለ። ዘረጋሁለት። «ትንሽ ለስለስ ይላል። ግድ የለም፣ ማን እጅ ይመረምራል? ገበሬ ነኝ በል፣ አለቀ።» እኔም ገበሬ ነኝ አልኩ። በሬ ጠምጄ አላውቅም፤ ስለ ተክል የማውቀው ነገር ቢኖር እናቴ ከኩሽናችን ጀርባ የምታበቅለው አንድ መደብ ጓሮ ጎመን ብቻ ነው። የስፌት መኪናዬን ሸጬ፣ ዘሃራን ከሁለት ሴቶች ልጆቻችን ጋር እናቴ ቤት አስቀምጬ ወጣሁ።

ከፊሌ አቡ ናስር ራሳቸው ናቸው አየር ማረፊያ ድረስ መጥተው የወሰዱኝ። ረጅም፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። መኪና ውስጥ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ በቁርዓን ቤት አረብኛዬ የያዝኩት ደግሞ ግማሹን። ሦስት ወር ተጅሪባ፣ የሙከራ ጊዜ ማለት ነው። ሥራዬ ከጣማቸው ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ይወጣል፣ ካልጣማቸው በዘጠናው ቀን ወደ መክተቡ፣ ወደ አገናኙ ቢሮ ይመልሱኛል፣ መክተቡ ደግሞ ወደ አውሮፕላኑ። ያኔ የቤት ሠራተኛውም ሹፌሩም እንዲሁ ነበር የሚገባው። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ወር መንፈቅ ይመስል ነበር፤ ሰዉ ቀኑን የሚቆጥረው ሻንጣውን ሳይፈታ ነው። እኔ ደግሞ የምመለስበት የስፌት መኪና የለኝም። ደሴ ብመለስ በረንዳው ላይ ምን ይዤ እንደምቀመጥ ሳስበው ይጨንቀኝ ነበር።

ቤታቸው ሱለይማኒያ ነበር። ዛሬ ያ ሰፈር ምግብ ቤቱ ከምግብ ቤት ተደርድሮ፣ ወጣቱ ቡናውን በወረቀት ብርጭቆ ይዞ የሚንሸራሸርበት ሆኗል፤ የአቡ ናስር ቪላ ከነበረበት ቦታ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሟል፣ ባለፈው ሳልፍ አንጋጥጬ ፎቁን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። ያኔ ግን ጸጥ ያለ፣ አጥሩ ረጅም፣ በአጥሩ ላይ ቡገንቪሊያ የተንጠለጠለበት መንገድ ነበር። የሳምንቱ እረፍት ሐሙስና ዓርብ ነው። ዓርብ ከስግደት በኋላ እግሬን አነሣና ወደ ዲራ፣ ወደ ድሮው ገበያ እወርዳለሁ። ሻወርማ ሁለት ሪያል፣ እሱም ከነቃሪያው። አንዱ ሪያል ገና ወረቀት ነበር፣ ከላብ ብዛት ኪስ ውስጥ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል። የዲራ ልብስ ሰፊዎች፣ ሕንዶችና ፓኪስታኖች፣ በየጠባብ ሱቃቸው ተቀምጠው መኪናቸውን ሲያንጫጩት መቆም አልችልም ነበር፤ አንዳንዴ ጥግ ይዤ፣ የሌላ ሰው ሚስት እንደሚያይ ሰው እየሰረቅሁ አያቸዋለሁ። አቡ ናስር የሰጡኝ ቶብ፣ ያ የአረቦቹ ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ መሬት ይጠርግ ነበር። በአሥር ደቂቃ አጥፌ ልሰፋው እችላለሁ። ግን ገበሬ ነኝ ብያለሁና እጄ እየበላኝ ሦስት ወር ሙሉ ጫፉን በእጄ ሰብስቤ ተራመድኩ።

ግቢው ደግሞ ግቢ አልነበረም። ሁለት የደከሙ የተምር ዛፎች፣ አንድ ሎሚ፣ ከኋላ በኩል ደረቅ ነጭ አፈር። አቡ ናስር ልማቱን ለእናታቸው ነው የፈለጉት። ሁላችንም ማማ የምንላቸው አሮጊት ከቀሲም ገጠር፣ ከእርሻ መሀል ነው የመጡት፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ቤት ገብተው ከግድግዳ ጋር ተፋጠው ይውላሉ። «እናቴ አረንጓዴ ነገር ትይ» ነበር ትእዛዙ። እኔ ከዲራ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ገዝቼ አመጣሁ። ሙቀቱ ገና አልበረደም ነበር። ልብስ ሰፊ እንደመሆኔ ሁሉንም በመስመር፣ በስንዝር እየለካሁ ተከልኳቸው፤ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ያየ ሁሉ ያደንቃል። ጠዋት አጠጣለሁ፣ ቀትር ላይ ሲጠወልጉ ደንግጬ አጠጣለሁ፣ ማታም አጠጣለሁ። በሃያ ቀን ውስጥ ግማሹ ሥሩ በስብሶ፣ ግማሹ ፀሐይ ለብልቦት፣ ቀጥ ባለው መስመር ላይ ተኝቶ ሞተ። ማማ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡና አንዱን የሞተ ችግኝ በከዘራቸው ገልብጠው አይተው ተመለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ቤት ሌላ ሐበሻ ፋጡማ ነበረች፣ የከሚሴ ልጅ፣ ወጥ ቤቱን የምትይዝ። ምስጢሬን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። «ወንድሜ፣ ኸላስ፣ አለቀልህ፣ ሃያ ቀን ሄደ» አለችኝ ያን ዕለት ሻይ እያቀበለችኝ። «ሰባ ቀን ቀርቶሃል። በሰባ ቀን ምን ይበቅላል?»

«ጎመን እንኳ ሦስት ወር ይፈልጋል» አልኳት።

መልሱ የመጣው ከአጥሩ ወዲያ ነው። የጎረቤቱ ሰዋቅ፣ ሹፌራቸው፣ ዳኒሎ የሚባል ፊሊፒናዊ ነበር። የምንግባባው ሁለታችንም ባጣመምነው አረብኛ ነው። ዳኒሎ ከመኪና ማቆሚያው ጎን በአንድ ክንድ ቦታ ላይ የሚያለማትን አረንጓዴ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ አፌን ከፈትኩ። «ፔቻይ!» አለኝ፣ «ሰላሳ ቀን፣ ሰዲቅ! ሰላሳ ቀን፣ ምሳ!» ሰዲቅ ወዳጄ ማለቱ ነው። በመድኃኒት ብልቃጥ የያዛትን ዘር ከፈለልኝ። ዘሩ ጥቁርና ደቃቅ፣ ከጎመን ዘር የማይለይ። ውሃ ጠዋት አንዴ ብቻ፣ ቀትር ላይ ጥላ፣ ብሎ በምልክት አሳየኝ። ዘራሁ። በአራተኛው ቀን በቀለ! ማመን አቅቶኝ ፋጡማን እጇ ሊጥ እንደሆነ ጎትቼ አወጣኋት። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ቅጠል፣ በሁለተኛው ሳምንት አራት፣ በወሩ አገዳው አውራ ጣቴን አክሎ ነጣ። ማማ በየማለዳው ወንበር አስወጥተው ከጎኑ ይቀመጡ ጀመር። ያን ሰሞን እንቅልፌ ተመለሰ፣ ዓርብ ዓርብ ዲራ ስሄድም ልብስ ሰፊዎቹን ሳላይ ማለፍ ቻልኩ።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፣ የእኛው ስሕተት። እኛ አገር ጎመን ከሥሩ አይነቀልም፤ ከታች ከታች ያለው ቅጠል እየተቀነጠሰ ይበላል፣ ልቡ ቆሞ ይቀራል፣ ወራት ያበላል። ይህንን ማንም የደሴ ልጅ ያውቀዋል፤ ያለችኝ የግብርና እውቀት እንዲያውም እሷ ብቻ ናት፣ ስለዚህ በሙሉ ልብ ተጠቀምኩባት። ማማ ከሥሩ ቁረጥ የሚል ምልክት በእጃቸው ሲያሳዩኝ ራሴን ነቀነቅሁ፣ ደረቴን ነፍቼም «ላ፣ ላ! እኛ አገር እንዲህ አይደለም» አልኳቸው። ፋጡማም ደገፈችኝ፤ «ጎመን በሙሉ ይታረዳል እንዴ? ተቀንጥሶ ነው!» አለች። ተያይዘን ቀነጠስን። ያቀረብነው ሣህን ትንሽ ነበር፤ እኔ ግን ገና ወራት ይመግበናል ብዬ ልቤ ሞልቷል። በሳምንቱ ከመሀሉ ቀጭን አገዳ እየተመዘዘ ወጣ፣ ጫፉም ቢጫ አበባ አበበ። አበባ ማየቴ ደስ አሰኝቶኝ ዳኒሎን ጠርቼ አሳየሁት። በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ሰዲቅ፣ ሞተ!» አለኝ። ወደ አበባ የሄደ ፔቻይ ቅጠሉ ይመርራል፣ ይጠነክራል፤ በሰላሳው ቀን በሙሉ ቆርጦ ወዲያው ሌላ መዝራት ነው ሥራው። «ይሄ የአንተ አገር ጎመን አይደለም፤ ይሄ ቸኩሏል» ሲል እንደ ሯጭ እጁን አወናጨፈልኝ። አንድ ቅጠል ቀምሼ ተፋሁት።

ፋጡማ ቀኑን አሰላች። ሰላሳ ሁለት ቀን ቀርቶኛል። ሰላሳ ቀን ለፔቻዩ፣ ሁለት ቀን ለአላህ።

ዛሬ ሳስበው ያን ዕለት ለምን ተስፋ እንዳልቆረጥኩ አላውቅም። ምናልባት ሁለተኛ ሰው ሆኜ ስለነበር ይሆናል፤ የመጀመሪያው ሰይድ በዘር ላይ የሚቀልድ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሁለተኛው ግን በአራት ቀን ሲበቅል አይቷል። አበባውን ሁሉ ነቅዬ፣ አፈሩን ቆፍሬ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በተረፈኝ ዘር መልሼ ዘራሁ። ሲበቅል ደግሞ ድንቢጥ ወረደበት። ለሪያድ ድንቢጥ ብርዱ ሲገባ ለስላሳ ቅጠል ማየት በዓል ነው፤ ከሰገነቱ ላይ ተደርድረው እኔ ዞር እስክል ይጠብቃሉ። አንዱን ጥግ ጨረሱት። ፋጡማ ከወጥ ቤት የሽንኩርት መረብ ኬሻ ሰበሰበችልኝ፣ አሥራ ምናምን። ቀዳድጄ፣ አጋጥሜ፣ ድፍን መደቡን የሚያለብስ አንድ ትልቅ መረብ ሰፋሁ። መርፌ ሳልይዝ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። አንድ ጊዜ ስጀምር መቆም አቃተኝ፤ ለድንቢጥ መከላከያ የሚሆን ነገር እንደ ሙሽራ ቀሚስ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፌ በድርብ ስፌት ዘጋሁት። ደስ እያለኝ ነው የሰፋሁት። ሰው ሊያየው ይችላል ብዬ አላሰብኩም።

ዘሃራ አሁን፣ እዚህ ነሲም፣ ፔቻዩን በነጭ ሽንኩርትና በትንሽ ዘይት ወዲያው ጣል አድርጋ ታወጣዋለች። ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ዘሩ ሥዕል ባለበት ካርቶን ሲሸጥ አያለሁ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሳይቀሩ ጎመን ሲጠፋ እሱን እያቀረቡ ነው። ዳኒሎ ከአገሩ የልጅ ልጆቹን ፎቶ በስልክ ይልክልኛል፤ እኔም የፎም ሣጥኖቼን ፎቶ እልክለታለሁ። ሰዉ ዛሬ ዘር ቢበላሽበት ትከሻውን ነቅንቆ ሌላ ይገዛል። እኔ ግን አሁንም ሰላሳው ቀን ሲደርስ ጠዋት ተነሥቼ ቁርስ አልበላም። ዘሃራ ትስቅብኛለች።

ዘጠናው ቀን ሐሙስ ዋለ። አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ስግደት በኋላ፣ አቡ ናስር ወደ ጓሮው መጡ። በደረት ኪሳቸው የመክተቡ ወረቀት ታጥፎ ይታያል፤ መልሻለሁ ወይም ተቀብያለሁ ብለው የሚፈርሙበት እሱ ነው። ማማ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፋጡማ በወጥ ቤቱ በር ቆማ ሻርፗን በጥርሷ ይዛለች። መረቡን ከአንድ ወገን ገለጥኩት። ፔቻዩ ሰላሳ ሁለት ቀን ሞልቶታል፣ አንገቱ ነጭ፣ ቅጠሉ የሚያበራ፣ ከዳር እስከ ዳር ክፍተት የለውም። አቡ ናስር «ማሻአላህ» አሉ። ትንፋሼን ለቀቅሁ።

ማማ ግን ጎመኑን አይደለም የሚያዩት። የመረቡን ጠርዝ በጣታቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ገለበጡት፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ፈተሹት።

«ይሄን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ፣ ማማ።»

«ልጄ፣ ና እይ» አሉ ወደ አቡ ናስር ዞረው። «አባትህ ኬሻ ሲሰፋ እንዴት ነበር? በወፍራም ክር ሦስት ቦታ ጠቅ አድርጎ ይተወዋል። ይሄ ሰው ገበሬ አይደለም። ይሄ ሰው ኸያጥ ነው።»

ኸያጥ ልብስ ሰፊ ነው። እናቴ ሰፊ ነበረች፣ ከእሷ ነው የተማርኩት ልል እችል ነበር፤ ቃሉ እምላሴ ላይ ደርሷል። ግን ዘጠና ቀን ዋሽቼ ደክሞኝ ነበር። ከመረቡ ጎን ተቀመጥኩና፣ «አዎ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ» አልኩ። «በሬ ጠምጄ አላውቅም። መክተቡ ጋ ዋሸሁ። ይሄን ጎመን ግን የዘራሁት እኔ ነኝ።»

አቡ ናስር እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ላኩ። «ሦስት ወር ሙሉ?»

«ሦስት ወር ሙሉ።»

«ቲማቲሙ የሞተው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

የተናገሩት ማማ ናቸው፣ ጎመኑን እየዳሰሱ፣ ወደ ልጃቸው ሳያዩ። «አንተስ መሥሪያ ቤት የገባህ ጊዜ ምን ታውቅ ነበር? አባትህ ‹ልጄ ዓመት ሙሉ ሻይ ሲጠጣ ከረመ› እያለ አልነበር? ይሄ በሦስት ወር ጎመን አብቅሏል።»

አቡ ናስር ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ያኔም ሙሉ ሳቅ አልሳቁም፣ በአፍንጫቸው ትንፋሽ ነው የወጣው። ወረቀቱን አውጥተው በእናታቸው ወንበር ክንድ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። «ቅዳሜ ጠዋት አራት ፎቶ ይዘህ ጠብቀኝ፣ ለኢቃማው» አሉኝ። «ያላ፣ አሁን ቁረጥ።» ስንቱን ብዬ ጠየቅሁ። «ሁሉንም! ከሥሩ!» አሉ ማማ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ። ቆረጥኩ። ጥቂት እንደቆረጥኩ ፋጡማ መጥታ ቢላዋውን ተቀበለችኝ፤ እሷም እያለቀሰች ነው የቆረጠችው። እኔ አላለቀስኩም። ከጫንቃዬ ላይ የወረደው ነገር በጣም ከመክበዱ የተነሣ፣ ከወረደ በኋላ ነው መሸከሜን በደንብ ያወቅሁት።

በማግስቱ ዓርብ ዲራ ወርጄ አንድ ባዶ ካሴት ገዛሁ። ያን ጊዜ ስልክ የሀብታም ነገር ነው፤ እኛ ድምፃችንን በካሴት ቀርፀን ወደ አገር በሚገባ ሰው ነበር የምንልከው፣ እነሱም ዘፈን ያለበትን ካሴት እየደመሰሱ መልስ ይሰዱልናል፤ ከዘሃራ ድምፅ በስተኋላ አንዳንዴ ያልጠፋ ክራር ይሰማ ነበር። የፋጡማን ቴፕ ተውሼ በሬን ዘጋሁና ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ከመጀመሪያው ልንገራት ብዬ ነው፤ ስለ ውሸቱ፣ ስለ ቲማቲሙ፣ ስለ ቢጫው አበባ። «ዘሃራ፣ እንዴት ነሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው» አልኩና «ቲማቲሙ» ስል ሳቄ መጣ። ላቆመው ሞከርኩ፣ ባሰበት። አንዱ ገጽ ተጠቅልሎ ቁልፉ ራሱ ዘሎ እስኪነሣ ድረስ ሳቅሁ። ሌላ ካሴት መግዣ ስላልነበረኝ ታሪኩን በጀርባው ቀርጬ እንዲያው ላክሁት።

ዘሃራ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ካሴቱን ያስገባችው እናቴና ልጆቹ ዙሪያዋን ተቀምጠው ነው። ሳቁን እስከ መጨረሻው ሰሙት። እናቴ፣ «ምነው፣ ልጄን አሳበዱት እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ዘሃራ ግን ቴፑን አጥፍታ፣ ነጠላዋን አንሥታ፣ «አይ፣ ወረቀቱ ወጥቶለታል» አለችና ገጹን ሳትገለብጥ ለጎረቤት ልትነግር ወጣች።